የለሰለሰው ግድግዳ

አባቴ መቀመጥ አይችልም። ሌላው ሰው ወንበር ሲያይ ጉልበቱ ይላላል፤ እሱ ወንበር ሲያይ የላላ ብሎን ይፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በር ያንኳኳል፣ ያጎነብሳል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። በዚሁ ሥራ ሸበተ፣ አንድ ጉልበቱን አበላሸ፣ ጡረታም ወጣ። ሰፈርተኛው ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «ቆጣሪው» ነው የሚለው። ጡረታው ሥራውን አስቆመው እንጂ እግሩን አላስቆመውም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አጠበቀ፤ አንዱን ከልኩ በላይ አጥብቆ ሰበረውና ቧንቧ ሠራተኛ እስኪመጣ በባልዲ ስንቀዳ ከረምን። የበር ማጠፊያዎችን ዘይት ቀባ። የጫማ መደርደሪያውን ከበሩ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አላማረውም፣ መልሶ አመጣው። እሱ ዕቃ ባዛወረ ቁጥር የእናቴ እግር ይላተምበታል። ልብስ ሰፊ ናት እናቴ፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ትልና፣ «የኔው መነኩሴ ግን መቅደዱን ብቻ ነው የሚያውቅበት፤ መስፋቱን ለኔ ይተወዋል» ብላ ትጨምራለች።

የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው የውጭ ግድግዳ ብሎኬት ቢሆንም ክፍሎቹን የሚለያየው ጂፕሰም ነው፤ ሲያንኳኩት ባዶ በርሜል የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። አባቴ መጀመሪያ ሲያየው «ይሄ ግድግዳ ሳይሆን የጫማ ካርቶን ነው» ብሎ ነበር። ለግድግዳም ጆሮ አለው የሚባለው ለሌላው ቤት ነው፤ የእኛ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ሳልም ማንኮራፋትም አለው። በዚያ ላይ የነካው ሁሉ ምልክት ይጥልበታል። ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ፣ የሶፋ እግር የቦረቦረው፣ የመጥረጊያ እንጨት የሰረጎደው፣ ሁሉም እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ ትልቋ ስርጉዳት ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከወገብ ዝቅ ብላ ያለችው ናት፤ ቤቱን ስንገባ ተሸካሚዎቹ ቁምሳጥኑን ሲያዞሩ በማዕዘኑ የመቷት። ከእሷ ቀጥሎ ኩሽናው በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ደረጃውን እዚያ ያስቀመጠው መሐንዲስ ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ይወቀው።

አንድ ቀን ንፋስ የሳሎኑን በር ወስዶ ወረወረውና እጀታው ጂፕሰሙን በርቅሶ ገባ። ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። እኔ «ጉድ ፈላ» ስል አባቴ ፊቱ በራ። ከሥራ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ወዲያው ጫማውን አድርጎ ታች ካለችው ቀለም ሻጭ ዘንድ ወረደ። ሴትየዋ ቁጡ ናት፤ ማንኛውንም ገዥ እንደ ተማሪ ነው የምታየው። «ጋሼ፣ ቀዳዳውን ስቱኮ ብቻ ቢያጎርሱት ነገ ይወድቅብዎታል» ብላ ከመጀመሪያው አስተማረችው። የጂፕሰሙን የተቀዳደደ ወረቀት በምላጭ ዙሪያውን መቁረጥ፣ ከበስተኋላ ቀጭን ጣውላ አስገብቶ በብሎን መያዝ፣ በልኩ የተቆረጠ ጂፕሰም መግጠም፣ መጋጠሚያውን በመረብ ፕላስተር መሸፈን፣ ከዚያ ስቱኮውን፣ ያንን ነጭ የግድግዳ ሊጥ፣ በስፓቱላ ስስ አድርጎ መቀባት። ሲደርቅ ሌላ ስስ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። በመጨረሻ ያለችው ነገር ግን ከሁሉ በላይ አባቴ ልብ ውስጥ ገባ። «ዓይን ይሸነገላል ጋሼ። ዓይንዎን ይጨፍኑና በመዳፍዎ ይዳስሱት። መዳፍ አይሸነገልም።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆነ። የሳሎኑን ቀዳዳ ደፍኖ ሲጨርስ እውነትም የት እንደነበር ጠፋ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ግድግዳውን እያሻሸ ለብቻው ሲስቅ ያየ ሰው ምን እንደሚል እንጃ። ግን አንድ ቀዳዳ ለአባቴ ምኑ ነው? በማግስቱ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ከክፍል ክፍል እየዞረ ያገኛትን ጭረት ሁሉ በክብ ማስመር ጀመረ። እርሳሱ ወደ ኮሪደሩ ሲጠጋ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

ምክንያቱን ልናገር። የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። የዓይን ግፊት ነው፤ ሳያሳምም፣ ሳይጮህ፣ ከዳር ከዳር እየበላ የሚመጣ። እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ጠብታውን የማመጣላት እኔ ነኝ፤ የምትደብቀው ደግሞ በክር ሳጥኗ ውስጥ ነው። መስፋት ያቆመችው ጀርባዋን ስላመማት እንደሆነ ለአባቴ ነግራዋለች። አባቴም አምኗል። አንድ ቦታ ቆሞ ሰው የማያይ ሰው ምን ብሎ አያምን?

እንዴት እንደምትሄድ የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው። ከመኝታ ቤት ስትወጣ ግራ እጇ ግድግዳውን በስሱ ይነካል፤ አላፊ አግዳሚ ሰው እንዲሁ በስንፍና የሚነካ ነው የሚመስለው። ስጠይቃት እጄን ይዛ መራችኝ። «ይቺ የሚስማር ቀዳዳ የመታጠቢያ ቤቱ በር ናት። ይሄ የተቧጨረው ያንቺ ክፍል። ይቺ» አለች ቁምሳጥኑ ወደሰረጎዳት ስትደርስ፣ ጣቷን ውስጧ አሳርፋ፣ «ይቺ ደግሞ ቁሚ፣ ደረጃ አለ ትለኛለች። ጨርቅ ላይ ስፌት እንደመከተል ነው።»

«ለአባዬ ለምን አትነግሪውም?»

«ነግሬው ልታሰር? እጄ የተሰበረ ጊዜ ረሳሽው? ቁልፍ እንኳ አላስዞረኝም። በር ሲከፍትልኝ፣ ካልሲ ሲያለብሰኝ፣ አጥንቴ ከገጠመ በኋላ እንኳ እንዲተወኝ ስንት ጊዜ ለመንኩት። ይሄን ከሰማማ ወንበር ላይ አስቀምጦ አቧራዬን ሲጠርግ ነው የሚውለው። ራሴን ችዬ ውሃ ልጠጣ። ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

እናቴ የፈራችው መታወርን አልነበረም። ያንንማ ሐኪሙ ሲነግራት «እሺ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የወጣችው። የፈራችው በገዛ ቤቷ እየተመሩ መሄድን ነበር። አስማለችኝ፤ ማልኩ። በዚህ መሐላ ላይ ነው እንግዲህ አባቴ ስፓቱላ ይዞ የመጣው።

ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ ልቤ ቤት ነበር። መድኃኒት እየቆጠርኩ «አሁን የትኛዋን እየደፈነ ይሆን?» እላለሁ። ማታ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ኮሪደሩን አያለሁ። አባቴን ለማዘናጋት ያልሞከርኩት የለም። የሰገነቱ በር ይጮሃል አልኩት፤ ወዲያው ሄዶ ዝም አሰኘው። የኔ ክፍል ኮርኒስ ተሰነጠቀ ብዬ ዋሸሁ፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ያልተሰነጠቀውን ሲፈልግ ዋለና በንዴት ወረደ። ቁምሳጥኑ የሰረጎዳት ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩባት።

«ይሄን ማነው ወገብ ላይ የሰቀለው?» አለ አባቴ። «ቀን የሚያየው ተንበርክኮ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ያምራል ብዬ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ፋርማሲው ውስጥ የምትሸጪውን መቅመስ ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ አነሣው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አባቴ ሞኝ አይደለም፤ እሱ የማይለቀው ግን ወረቀት ብቻ አይደለም። እናቴ እንደሆነች ተረጋግታ ታየዋለች፤ ይህም ይበልጥ ያናድደኛል። የሳሎኑን ከደፈነ በኋላ የመኝታ ቤቱን ደፈነ። እሷም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አዲስ መንገድ እየለመደች፣ የመብራት ማብሪያውን ምልክት አድርጋ፣ አንዳንዴ በሩን አልፋ እየተመለሰች ቻለችው። ተነሥቼ ልይዛት ስል በዓይኗ ሳይሆን በአገጯ «ተይ» ትለኛለች።

ኮሪደሩ ሲቀር ግን ራሷ አነጋገረችው። ቁርስ ላይ ነበርን። እሱ ቆሞ ነው የሚበላው።

«ያቺን ቁምሳጥኑ የሰረጎዳትን ተዋት» አለችው።

«እሷን? የቤቱን መልክ ያበላሸችው እኮ እሷ ናት።»

«ይሁን። ተዋት። ቤቱን የገባን ቀን ምልክት ናት፤ እወዳታለሁ።»

አባቴ ጥቂት አያት። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀና «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለ። እኔ እፎይ ብዬ ሻዬን ጨረስኩ። ደረጃዋን የምትጠብቅ አንዲት ስርጉዳት ከቀረችላት ሌላው ቀስ ብሎ ይለመዳል ብዬ አሰብኩ።

ያላሰብኩት አባቴ እሷን እንዴት እንደሚሰማት ነው። ሁለቱ አንድ ነገር ሲፈልጉ ለራሳቸው ብለው ጠይቀው አያውቁም። እሷ ሲበርዳት «አንተ ብርድ ይመታሃል፣ መስኮቱን ዝጋ» ትላለች። እሱ ሲርበው «እናትሽ ሳትበላ ዋለች» ይላል። ስለዚህ እናቴ «እወዳታለሁ» ስትል አባቴ የሰማው ሌላ ነው። ስርጉዳቷ ዝቅ ያለች ናት፤ ለመድፈን መንበርከክ ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ደግሞ የታወቀ ነው። «ለኔ ጉልበት አዝና ነው እንጂ የተሰረጎደ ግድግዳ ማን ይወዳል» ብሎ ደመደመ። በኋላ እንደነገረኝ ልቡ በጣም ተነክቶ ነበር። ስለዚህ ሊያስደስታት ወሰነ።

የሐኪም ቀጠሮ ነበረን፤ ተራ መጠበቁ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ለአባቴ የነገርነው ጨርቅ ልንገዛ እንደምንሄድ ነው። እሱም «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አትቸኩሉ» አለን፤ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው ስለማላውቅ መጠርጠር ነበረብኝ። ሐኪሙ በእናቴ ዓይን ላይ መብራቱን አብርቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ቀኙ እንዳለቀለት፣ ከግራው የቀረው ጥላን ከብርሃን የሚለይ ያህል ብቻ እንደሆነ ነገረን። ፎቁን ስንወጣ «ደህና፣ ቤቴን አውቀዋለሁ» አለች።

በሩን ስንከፍት የቀለም ሽታ ተቀበለን። አባቴ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል፤ እጁ ላይ የቀለም መቀቢያ ሩሎ፣ ጉልበቱ ላይ ሁለት ክብ የስቱኮ ምልክት። ኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። የሚስማር ቀዳዳ የለ፣ ጭረት የለ፣ መጨረሻውም ላይ ያቺ የለመድኳት ጥላ የለችም። እኔ አንድ ጫማ አውልቄ፣ አንድ ሳላወልቅ፣ ለማስመሰያ የገዛነውን ጨርቅ ተሸክሜ ደርቄ ቀረሁ።

«ደርቋል፣ ንኪው» አላት እናቴን። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። «እንዲያውም ዓይንሽን ጨፍነሽ በመዳፍሽ ዳስሺውማ።»

እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አኖረች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ እሱ አላየም፤ እሱ የሚያየው እጇን ነበር። ዓይኗን መጨፈኗን እንጃ። መሄድ ጀመረች። አባቴ በጎኗ ወደ ኋላ እየተራመደ «እዚህ ጋ ሚስማሩ ነበር፣ አገኘሽው? እዚህ ጋ ጭረቱ፣ አገኘሽው?» ይላል። እሷ «የለም፣ ለስልሷል» ትላለች። መዳፏ ግን ከዳሰሳ አልፎ ይፈልጋል፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ያቺ አንዲቷ እንደቀረች አምና ስለነበር እርምጃዋን አላሳጠረችም።

«አባዬ፣ ያዛት» ብዬ ጨርቁን ጣልኩ። አልደረስኩም፤ እሱም ቃሌ አልገባውም። ደረጃው ላይ እግሯ ባዶ ረገጠና በጉልበቷ ኩሽናው ወለል ላይ ወደቀች።

አልጮኸችም። በሁለት እጇ ወለሉን ዳበሰች፣ ራሷን ቀና አደረገችና የገዛ ኩሽናዋ በር ላይ ሆና፣

«የት ጋ ነኝ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ለአባቴ ማንም ምንም አላስረዳውም። ሩሎው ከእጁ ወደቀ። በዚያ በተበላሸ ጉልበቱ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ፊቷ አስጠጋ፣ ግራና ቀኝ አለ፣ ዓይኗ ሳይከተለው ቀረ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። እኔ አውቅ እንደነበርም ነገረችው። ሊሰድበኝ ይገባ ነበር፤ አልሰደበኝም።

ቁስሏን አጥቦ እንደጨረሰ መዶሻ አንሥቶ ኮሪደር ሲገባ ደረስኩበት፤ ስርጉዳቷን መልሶ ሊከፍት ነው። የት ላይ እንደነበረች ግን ጠፍቶበታል፤ ሥራው ያን ያህል የተዋጣለት ነበር። መዳፉን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ «እዚህ ጋ ነች… የለም፣ እዚህ ጋ» ይላል። እናቴ ከመኝታ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ የደከምክበትን አታፍርስ» አለችው። መዶሻውን ተወ። መደገፊያ ብረት አሰካለሁ አለ፣ ገመድ እዘረጋለሁ አለ፣ ደረጃውን በሲሚንቶ እሞላለሁ አለ። ወጣ፣ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ። በመጨረሻም እናቴ ስትፈራው የኖረችውን ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን አትሄጂም። ስትነሺ ጥሪኝ፤ እኔ እይዝሻለሁ። ውሃም ቢሆን እኔ አመጣልሻለሁ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ጠዋት አባቴ ገና ከመንጋቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ሲተነፍስ ትሰማዋለች።

«ሂድና ኩሽና ቁጭ በል» አለችው።

«ልቀመጥ?»

«አዎ። ፊትህን ወደዚህ አድርገህ ተቀመጥና አውራ። ድምፅህን ይዤ እመጣለሁ።»

«ደረጃው አለ እኮ። ቆሜ ልጠብቅሽ፣ አልነካሽም፣ ቆሜ ብቻ…»

«ቆመህ አትችልም፤ አውቅሃለሁ። ከተነሣህ ተመልሼ እተኛለሁ፤ ሁለተኛም አልነሣም።»

ቀልዷን አልነበረም። አባቴ ሄዶ ኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጀርባው ምድጃው አጠገብ ቆምኩ።

«ምን ልበል?» አለ።

«ደስ ያለህን። ስድብም ቢሆን።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ስቱኮ ሲበጠበጥ» አለ፣ «መጀመሪያ የሚገባው ውሃው ነው። ዱቄቱን ከላይ ትነሰንሺያለሽ። ዱቄቱን ካስቀደምሽ ይጓጉላል…»

እናቴ ከመኝታ ቤቱ ወጣች። መዳፏ በለሰለሰው ግድግዳ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚነግራት ነገር የለም። አንዴ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ገባ ብላ ተመለሰች። አባቴ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀምጦባቸዋል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ተረከዙ ወለሉን ይመታል፣ አፉ ግን ስቱኮ ያቦካል። ደረጃው ጋ ልትደርስ ስትል ድምፁ ተቋረጠ። ከወንበሩ ከፍ ሲል አየሁ።

እናቴም ቆመች። «ዝም አልክ» አለች።

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። «…በአንዴ ወፍራም ካደረግሽው ይሰነጠቃል» አለ። የራሱ ድምፅ ነበር የተሰነጠቀው። «መጀመሪያ ስስ። እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ሌላ ስስ። አለመቸኮል ነው… አለመቸኮል…»

እናቴ የእግሯን ጣት ወደ ፊት ላከች፤ ወለል ነው። ጥቂት ገፋችው፤ ወለል ነው። ደግሞ ገፋችው፤ የደረጃው ጠርዝ። እዚያ ላይ ቆየች። እኔ የምድጃውን እጀታ ጨብጫለሁ፤ አባቴ ስለ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚያወራው፤ ቃላቱ እርስ በእርስ መገናኘት ትተዋል። ወረደች። ሁለተኛውን እግሯን አስከተለች።

በአባቴ አጠገብ አለፈች። ትከሻውን በእጇ ነክታ አለፈችው እንጂ አልተደገፈችውም። የቧንቧውን ድምፅ ሰማን፤ ብርጭቆ ፈለገች፣ አገኘች፣ ቀዳች፣ ከአፉ እስኪፈስ ድረስ። ዞራ ወደ እሱ ስትመጣ ውሃው በእጇና በወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። መወልወያው ወንበሩ አጠገብ ተደግፎ ነበር። አባቴ አየው፤ አላነሣውም።

«ጉሮሮህ ደርቋል፣ እንካ» አለችው።

ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ እጁን አስረዝሞ ሳይቀበላት፣ ብርጭቆው እጁ ድረስ እስኪመጣለት ጠበቀ። የተረፈውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና መልሶ ሰጣት።

«አልረካሁም እኮ፤ ድገሚኝ» አላት።